አንድ መስኮትና አንድ ብርሌ፦ ጨለማ የበዛበትን የዕቃ ሥዕል በዘይት ቀለም ስሠራ የተማርሁት

ጎንደር በምኖርበት ቤት ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሥዕል ለይቼ በዘይት ቀለም መሥራት ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ከሠራኋቸው ሁሉ በላይ የደከምሁበት ግን ሰው የሌለበት፣ ታሪክ የማይተረክበት፣ ጀበናና ብርሌ፣ በርበሬና ሎሚ ብቻ የሚታዩበት አንድ ሥዕል ነው። መጠኑ 50 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው የከሰል ንድፍ እስከ መጨረሻዋ የብርሃን ነጥብ ከጥቅምት እስከ ጥር ወስዶብኛል፤ ከእርሱ በፊትም ሦስት ሸራዎች አበላሽቻለሁ። ቀለምና ብሩሽ ከአዲስ አበባ እያስመጣ ለሚሠራ ሰው ሦስት ሸራ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ ይህን ዓይነት ሥዕል ለመሞከር የሚያስብ ሰው ቢያንስ የእኔን ስሕተት እንዳይደግም፣ ያለፍሁበትን በዝርዝር መጻፍ ይገባኛል ብዬ አሰብሁ።

የሦስቱም ሸራዎች ጥፋት አንድ ነበር፤ እያንዳንዱን ዕቃ በሚገባ ለማሳየት ስለ ጓጓሁ ሁሉንም አበራሁት። የጀበናው ጆሮ፣ የሲኒው አበባ፣ የሰፌዱ ስፌት፣ የነጠላው ጥበብ ሁሉም በእኩል ትጋት ተሥለው ነበርና፣ ሥዕሉን ከክፍሉ ማዶ ሆኜ ስመለከተው ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ዕቃው ሁሉ በሸራው ላይ ነበረ፤ ብርሃን ግን አልነበረም። ጥላዎቹን በጥቁር ቀለም ባጠቁራቸው ይስተካከላል ብዬ ሞከርሁ፤ የተገኘው ግን በጥቀርሻ የቆሸሸ ብሩህ ሥዕል እንጂ ጨለማ አልሆነም።

ቆይቼ እንደ ተረዳሁት፣ ይህ ጥፋት ከእጄ ይልቅ ከዓይኔ የመጣ ነበር። ጎንደር ያደገ ሰው ሥዕልን በመጀመሪያ የሚያየው በቤተ ክርስቲያን ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ከተደረደሩት የመላእክት ፊቶች አንዱም በሌላው ላይ ጥላ አይጥልም፤ ብርሃኑ ከዚህ ወይም ከዚያ መስኮት የሚመጣ ሳይሆን ከራሳቸው ከፊቶቹ የሚወጣ ይመስላል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በጎለበተው አሣሣል፣ የቅዱሳኑ ጉንጭና አንገት በለስላሳ ጥላ እየተድበሰበሰ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ያም ቢሆን ጥላው የፊቱን ክብነት ለማሳየት እንጂ ብርሃን የገባበትን አቅጣጫ ለመንገር የገባ አይደለም። ለዚያ ሥዕል ዓላማ ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ቅዱስን በጨለማ ውስጥ የሚሸሽግ ሠዓሊ አልነበረም፣ ሊኖርም አይገባውም ነበር። በዚያ ሥዕል ያደገ ዓይን ግን መሣል ማለት መግለጥ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ ይማራል። እኔ ልሠራው የፈለግሁት ዓይነት ሥዕል ደግሞ ከሚገልጠው ይልቅ የሚሸፍነው ይበዛል።

ይህን ያስተዋልሁት የሌላ አገር ሠዓሊያንን ሥራ በኅትመት እያየሁ ነው። ኢጣሊያዊው ካራቫጆ (1571–1610 እ.ኤ.አ.) ሰዎችን ከአንድ ጎን በሚመጣ ኃይለኛ ብርሃን ከጨለማ ሲያወጣቸው፣ በእርሱ ዘመን የነበረው ስፔናዊው ሳንቼዝ ኮታን ደግሞ ጎመንና ፍራፍሬ በክር አንጠልጥሎ፣ ከኋላቸው ድቅድቅ ጥቁር አድርጎ ሥሏቸዋል። የኮታንን ሥራ ሳይ ወዲያው ትዝ ያለኝ የአያቴ ማድ ቤት ነበር። በጢስ የጠቆረው ግድግዳ፣ ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለው የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን፣ በበሩ በኩል ብቻ የሚገባው የጠዋት ብርሃን፣ ግማሹ የሚታየው ጀበና፤ ይህ ሁሉ እዚሁ እቤታችን የነበረ ነገር ነው። ስለዚህ የወይን ዘለላና የብር ጽዋ ፍለጋ መድከም አላስፈለገኝም።

ዕቃ ስመርጥ በመጀመሪያ ዘጠኝ ነገር ደርድሬ ነበር፤ በመጨረሻ የቀሩት አምስት ናቸው። የመረጥኋቸው ስለሚያምሩ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ብርሃንን የሚቀበሉበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። በደባርቅ መንገድ ላይ ካለችው ከወለቃ የገዛሁት ጥቁር ጀበና ብርሃንን ይውጣል፤ ብርሌ ያሳልፋል፤ ከቅዳሜ ገበያ ያመጣሁት ዛላ በርበሬ ቆዳው ስለ ተጨማደደ ብርሃኑን ይሰባብረዋል፤ የተቆረጠ ሎሚ በእርጥበቱ ያብለጨልጫል፤ ነጭ ነጠላ ደግሞ ይመልሰዋል። ሁለት ዕቃዎች ብርሃንን በአንድ ዓይነት መንገድ የሚቀበሉ ከሆነ አንዱ ትርፍ ነው። ሲኒዎቹን ያነሣኋቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ የብርሌውን ብልጭታ እየተሻሙ አስቸገሩኝ።

ብርሌውን የተዋስሁት ከአክስቴ ነው። «ምን ልታደርጊበት ነው?» አሉኝ። «ልሥለው ነው፣ እትዬ» ብላቸው፣ «ታዲያ ባዶውን ምኑን ትሥይዋለሽ?» ብለው የተጣራ ጠጅ ሞልተው ሰጡኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ባዶ ብርሌና የተሞላ ብርሌ በብርሃን ፊት ፈጽሞ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ጠጁ ግን በሁለተኛው ቀን አረፋ ሠራ፣ ዝንብ ሰበሰበ፣ ቀለሙም ተለወጠ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ቀለም በትንሽ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ መዝግቤ፣ ብርሌውን አጥቤ፣ ስኳር የሌለበት ቀጭን ሻይ ሞላሁበት። ሻይ ከጠጅ ይልቅ ወደ ቀይ ያደላል፤ ብርሃን በውስጡ የሚያልፍበት ሁኔታ ግን ስለሚመሳሰል፣ ቅርጹን ከሻዩ፣ ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ እየወሰድሁ ሠራሁ። በአንድ ወር ውስጥ የሚበላሽ ማንኛውንም ነገር ለመሣል የሚያስብ ሰው ይህን ዓይነት ምትክ አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ይጠቀማል። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ግን ወራት ስለሚቆዩ ለጀማሪ እጅግ የተመቹ ናቸው።

አሁን ወደ ብርሃኑ ልምጣ፤ ከቀለሙ ይልቅ ሥዕሉን የወሰነው እርሱ ነውና። የሥዕል መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሠዓሊ ክፍል መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ፤ ምክንያቱም በአውሮፓ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን ቀኑን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ጎንደር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ብቻ ስለምትገኝ ይህ ምክር እንዳለ አይሠራባትም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ዘንበል ትላለች። ሁለተኛውን ሸራ ያበላሸሁት በግንቦት ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያየሁት ጥላ ስድስት ሰዓት ሲሆን ፈጽሞ ሌላ ሆኖ፣ የፀሐይ ጨረር ከመስኮቱ ደፍ ላይ እየተንጸባረቀ ወደ ነጠላው ይወጣ ነበር። ከጥቅምት እስከ የካቲት ግን ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምትርቅ የሰሜን መስኮት ጨረር አይነካውም። ወቅቱ ደረቅ በመሆኑም ቀለሙ ቶሎ ይይዛል። ይህን ካወቅሁ በኋላ የሥራዬን ጊዜ በእነዚህ ወራት ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት አድርጌ ወሰንሁ፤ ከዚያ ሰዓት ውጭ ዕቃዎቹን እያየሁ ሸራውን አልነካም ነበር።

መስኮቱ ብቻውን ግን አይበቃም። የታችኛውን ሁለት ሦስተኛ በወፍራም ካርቶን ዘጋሁት፤ ብርሃኑ ከግራ፣ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ። ሁለተኛው በር እንዲዘጋ አደረግሁ። ይህን ሁሉ አድርጌም ጥላዎቹ ግራጫና የፈዘዙ ሆነው ቀሩብኝ። ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሳምንት ያህል ፈጀብኝ፤ በስተቀኝ ያለው በኖራ የተቀባው ግድግዳ ነበር። ነጩ ግድግዳ የመስኮቱን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ዕቃዎቹ ጥላ መልሶ ይረጨው ኖሯል። ግድግዳውን በጥቁር ጨርቅ በሸፈንሁበት ቅጽበት ጀበናው ግማሹ ጠፋ፤ ለወራት ስፈልገው የነበረው ጨለማ በአንድ ጨርቅ መጣ። ከዕቃዎቹ ኋላ ያለውን ሌላ ጥቁር ጨርቅም ወደ አንድ ሜትር ያህል አርቄ ሰቀልሁት፤ ቅርብ ከሆነ ብርሃን ያርፍበትና የጨርቁ እጥፋት ዓይን ይስባል።

በማታ አምፖል አብርቶ መቀጠል እንደሚቻል አስቤ ሞክሬ ነበር። በቢጫ አምፖል ሥር ቢጫ ቀለም ነጭ መስሎ ስለሚታይ፣ ነጠላውን ለማሞቅ ቢጫ እየጨመርሁ ሄድሁ፤ ጠዋት በቀን ብርሃን ስመለከተው እንደ እንቁላል አስኳል ሆኖ አገኘሁት። በአምፖል መሥራት ነውር የለበትም፤ ዕቃውም፣ ሸራውም፣ ቀለሙ የሚለወስበት ፓሌትም በተመሳሳይ ዓይነት ነጭ አምፖል ሥር ከሆኑ ጥሩ ሥራ ይወጣል። የቀኑን ሥራ በማታ አምፖል መቀጠል ግን አይሆንም።

ቀለም ከመንካቴ በፊት የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ ዐሥራ አራት ንድፎችን በከሰል ሠራሁ። በእነዚህ ውስጥ ዝርዝር ነገር የለም፤ ጥቁር፣ መካከለኛና ነጭ ብቻ ናቸው። ዓይንን ገርበብ አድርጎ ዕቃዎቹን ማየት ለዚህ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ትላልቆቹ የብርሃንና የጥላ ቁርጥራጮች ብቻ ይቀራሉ። በዚህ መንገድ ያየሁትን ነገር በቀላሉ አላመንሁትም ነበር፤ በጥላ ውስጥ ያለው ነጭ ነጠላ ብርሃን ካረፈበት ቀይ በርበሬ ይልቅ የጠቆረ ሆኖ አገኘሁት። አእምሮ «ነጠላ ነጭ ነው» ይላል፤ እጅም ታዝዞ ነጭ ይቀባል፤ ጨለማው የሚፈርሰው በዚህ ነው። ዓይኑን ገና ያላመነ ሰው በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ቢለውጠው ልዩነቱን ያያል። ከዐሥራ አራቱ ንድፎች የመረጥሁት ከአራት እጁ ሦስቱ የጠቆረው ነው፤ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ከበሩ ሆኜ ሳየው ዓይኔ መጀመሪያ ብርሌው ላይ፣ ቀጥሎ ሎሚው ላይ፣ በመጨረሻ በርበሬው ላይ ይሄድ ነበር።

ስለ ሸራው አጭር ነገር ልበል። እኔ የምሠራው በእንጨት ፍሬም ላይ በተወጠረ አቡጀዲ ነው። በመጀመሪያ ዘመኔ ዘይት ቀለምን በቀጥታ በጨርቁ ላይ እቀባ ነበር፤ ዘይት ጥጥን እያደረቀ እንደሚያበሰብሰው ያወቅሁት አንዱ ሥራዬ በጣት ስነካው ሲቀደድ ነው። አሁን በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ሁለት ጊዜ ከቀባሁ በኋላ፣ ለሸራ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀውን ጀሶ ሦስት ጊዜ እየደራረብሁ፣ በመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። ይህ ከግንበኛው ጀሶ ጋር በስም ቢመሳሰልም አንድ አይደለም፤ የግንበኛው ጀሶ በሚተጣጠፍ ጨርቅ ላይ ይሰነጣጠቃል።

ሥራውን የጀመርሁት ከብርሃን ሳይሆን ከጨለማ ነው። በርንት አምበር የሚባለውን ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ ሸራውን በሙሉ ሸፈንሁት። ከዚያ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በጣቴ ጠቅልዬ ብርሃን ያለበትን ቦታ ብቻ እየጠረግሁ አወጣሁ፤ የብርሌውን ሆድ፣ የሎሚውን ፊት፣ የነጠላውን አንድ እጥፋት። በዚህ መንገድ ሲሠራ ጨለማ አስቀድሞ የተሰጠ ነገር ይሆናል፤ ሠዓሊው የሚወስነው ብርሃን የት እንደሚገባ ብቻ ነው። ከሦስቱ የተበላሹ ሸራዎች በኋላ ያዳነኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ነጭ ሸራ ላይ ጥላ እየጨመሩ መሄድና ጠቆር ያለ ሸራ ላይ ብርሃን እየገለጡ መሄድ ውጤታቸው አንድ አይደለም። አምበር በውስጡ ባለው ማንጋኒዝ ምክንያት ቶሎ ስለሚደርቅ በሦስተኛው ቀን ቀጣዩን ልባስ መጀመር ቻልሁ።

እዚህ ላይ ስለ ዘይቱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ። ለዚህ ከሁሉ የተመረጠው እኛ በጾም በጥብጠን የምንጠጣው የተልባ ዘይት ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ከውጭ የሚመጣውን ለምን እገዛለሁ ብዬ ከቤት የተጨመቀ ተልባ ተጠቀምሁ፤ ልጥልጡ በሚገባ ያልተለየ ስለነበር ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄደ፣ ሽፋኑም ተጨማደደ። በኑግ ዘይት የሠራሁት ደግሞ ለሦስት ወር ያህል ጣት ላይ እየተጣበቀ አቧራ ሰበሰበ። ከሱፍ የሚወጣ ዘይትን ፋብሪካዎች ነጭ ቀለም ለመለወስ ይጠቀሙበታል፤ ለምግብ ተብሎ የሚሸጠው ግን ለዚህ የተዘጋጀ አይደለም። ስለዚህ በዚህ አንድ ነገር ላይ ቁጠባ አይመከርም፤ ለሥዕል የተጣራውን የተልባ ዘይት አንድ ትንሽ ጠርሙስ መግዛት ይበቃል፤ ለብዙ ሥራ ይሆናል።

የልባሶቹ ቅደም ተከተልም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የታችኛው ልባስ ዘይቱ ያነሰ፣ የላይኛው ዘይቱ የበዛ መሆን አለበት። ዘይት የበዛበት ቀለም ለመጠንከር ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ከሥር ሆኖ ገና እየተንቀሳቀሰ ከላይ ያለው ደርቆ ከጠበቀው የላይኛው ይሰነጠቃል። እኔ የመጀመሪያውን ልባስ በአኳራጅ ብቻ፣ ሁለተኛውን ከቱቦው እንደ ወጣ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ጥቂት የተልባ ዘይት ጠብ እያደረግሁ ሠራሁ።

ጨለማውን በቱቦ ጥቁር አልሠራሁትም። አይቮሪ ጥቁር የሚባለው ዘይት የሚበዛበትና ዘግይቶ የሚደርቅ በመሆኑ ከሥር ለሚገባ ልባስ አይመችም፤ ብቻውን ሲቀባም በሸራው ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ይመስላል። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር ሲደባለቁ ከእርሱ የማይተናነስ ጥቁር ይሰጣሉ፤ ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ሲበዛ ይሞቃል። የመስኮት ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ጥላዎቹ በአንጻሩ ሞቅ ብለው ይታያሉ፤ ስለዚህ ጥላዎቼን ወደ ቡናማው አደላሁ። ጨለማው ስስ፣ ብርሃኑ ወፍራም ሆኖ እንዲቀባ ማድረግም ይጠቅማል፤ ወፍራም ጥቁር ቀለም የብሩሹ ሸንተረር ብርሃን እየያዘ ያንጸባርቅና ጨለማነቱን ያጣል።

ጀበናው ብዙ ቀን የወሰደብኝ ከሚታየው ክፍሉ ይልቅ በማይታየው ነው። የቀኝ ጎኑ ከኋላው ካለው ጨለማ ጋር አንድ ሆኖ ነበር፤ በዓይኔ ወሰኑን ልለየው አልቻልሁም፤ እጄ ግን መሥመር ካላሰመርሁ ብላ ታገለችኝ። ሁለት ጊዜ አሰመርሁ፣ ሁለት ጊዜም ጠረግሁት። በዚያው ሰሞን በጎረቤታችን ቤት ለዝክር የመጡ፣ በወጣትነታቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ሥራዬን ሊያዩ ገቡ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ጀበናው ግማሽ ነውሳ፤ ቀሪው የት ሄደ?» አሉኝ። «ጨለማው ውስጥ ነው፣ አባቴ» አልኋቸው። ወደ ሸራው ቀረብ አሉ፤ እንደገና ራቅ አሉ። ቆይተው «አለ። ይታወቀኛል» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ መሥመሩን አልመለስሁትም። በጥላው በኩል ያስቀመጥሁት ከነጠላው የተመለሰችውን ደብዛዛ የብርሃን ጭረት ብቻ ነው፤ እርስዋም ከማንኛውም የብርሃን ክፍል የጨለመች መሆን እንዳለባት እየጠበቅሁ።

ብርሌው በተቃራኒው ከፈራሁት በላይ ቀለለኝ፤ መስታወትን መሣል እንደሌለብኝ ከገባኝ በኋላ። መስታወት የራሱ ቀለም የለውም፤ የሚሣለው በእርሱ ውስጥ የሚታየው ነው። ስለዚህ አንገቱን የሠራሁት የኋላውን ጨለማ በላዩ አሳልፌ፣ በሁለቱ ጠርዞች ብቻ ቀጭን ግራጫ በመተው ነው። በሆዱ ላይ ሳልጠብቀው ያየሁት ነገር፣ ብርሃኑ ከግራ እየመጣ ፈሳሹ ግን ይበልጥ የሚበራው በቀኝ በኩል መሆኑ ነው። ክብ የሆነው ፈሳሽ እንደ ሌንስ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ማዶው ይጥለዋል፤ ከዚያም አልፎ በነጠላው ላይ፣ በብርሌው በራሱ ጥላ መካከል፣ የማር ቀለም ያላት ትንሽ ብርሃን ያሳርፋል። ይህን ሳያይ ከአእምሮው የሚሥል ሰው በግራ በኩል ያበራዋል፤ ብርሌውም ቢጫ ኳስ ይሆንበታል። ለዚህ ክፍል ቢጫ ኦከርና በርንት ሲዬና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማ ከሥር ቀብቼ፣ ሲደርቅ በዘይት የሳሳ ሞቅ ያለ ቢጫ እንደ መጋረጃ አለበስሁበት። በግራ ትከሻው ላይ ያለችውን የመስኮቱን ነጸብራቅ ግን እስከ መጨረሻው ቀን አልነካኋትም። በአንድ የብሩሽ ንክኪ፣ ከጥቂት ሰማያዊ ጋር በተለወሰ ወፍራም ነጭ አኖርኋት፤ ደግሜም አልነካኋትም።

በርበሬው ላይ ያደረግሁት አጭር ነው፦ ቀዩን በጥቁር ማጥቆር ስለሚያሞተው፣ ጥላውን አሊዛሪን ክሪምሰን በሚባለው ጠቆር ያለ ቀይና በአምበር ሠርቼ፣ ብርሃኑን በካድሚየም ቀይ ወጋ ወጋ አደረግሁት። ሎሚው በተቆረጠ በሰዓታት ውስጥ ፊቱ ስለሚደርቅ በአንድ ጠዋት መጨረስ ነበረብኝ፤ አምስት ሎሚ አዘጋጅቼ በየአርባ ደቂቃው አዲስ እየቆረጥሁ በተመሳሳይ ቦታ አስቀመጥሁ። ካድሚየም ያለበት ቀለም መርዛማ ስለሆነ እጄን ሳልታጠብ ምግብ አልነካም ነበር፤ ለሥዕል ያገለገለውንም ሎሚና በርበሬ ወደ ማድ ቤት አልመለስሁትም።

በታኅሣሥ መጨረሻ ሥራው ያለቀ መሰለኝና ለሁለት ሳምንት ትቼው ሄድሁ። ስመለስ ጨለማው ሁሉ ሞቶ ጠበቀኝ፤ ጥልቅ የነበረው ጥቁር አመድ የተነፋበት ይመስል ፈዞ፣ ጀበናውም ከዳራው ተለይቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ነበር። አራተኛውም ሸራ ተበላሸ ብዬ ክፉኛ አዘንሁ። በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ በአኳራጅ የቀጠነው የአምበር ልባስ ከላይ ያለውን ዘይት ስለ መጠጠው ላዩ ደብዝዞ ነው እንጂ ቀለሙ አልተለወጠም። ላዩ መድረቁን በጣቴ አረጋግጬ፣ ጥቂት የተልባ ዘይት በደብዛዛው ቦታ ላይ በጨርቅ አሸሁና ትርፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጨለማው ከነጥልቀቱ ተመለሰ። ይህን ሳያውቅ በላዩ ላይ ሌላ ጥቁር የሚደርብ ሰው ሥራውን በእጁ ይቀብረዋል።

ዘይት የነካውን ጨርቅ በተመለከተ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቆቹ ተጨማድደው አንድ ላይ ከተጣሉ ያ ሙቀት መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪትና ያለ ፍም በራሳቸው እሳት ሊይዙ ይችላሉ። እኔ አንድ ቀን በላስቲክ ከረጢት ያከማቸሁትን ጨርቅ ሳነሣ እንደ ትኩስ ዳቦ ሞቆ ስላገኘሁት ደንግጫለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በኋላ እያንዳንዱን ጨርቅ ለየብቻው በውጭ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ፤ ካልሆነም ውኃ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ እከተዋለሁ። አኳራጅ በሚከፈትበት ጊዜም መስኮቱ ጥቂት ክፍት መሆን አለበት፤ ብርሃኑ ይለወጥብኛል ብሎ ዘግቶ መሥራት ራስ ምታት ያመጣል።

ሥዕሉ አሁን በእንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይነካው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በመጀመሪያ አቧራ እንዳይነካው ብዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀምጬው ነበር፤ የተልባ ዘይት ብርሃን በሌለበት ሲቀመጥ ወደ ቢጫ እንደሚያዘነብል፣ ወደ ብርሃን ሲመለስም ቢጫነቱ በመጠኑ እንደሚለቅ ካወቅሁ በኋላ አውጥቼ ሰቀልሁት። ነጠላው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጭነቱን መልሷል። ቨርኒሽ ግን ገና አልቀባሁትም፤ ሎሚው ላይ ያለው ቀለም ወፍራም ስለሆነ እስከ ውስጥ ድረስ እንዲጠነክር አንድ ዓመት እሰጠዋለሁ፤ በመጪው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ደረቅና አቧራ የሌለበት አንድ ጠዋት መርጬ እቀባዋለሁ። ብርሌውን ለአክስቴ መልሻለሁ።